መሪውን የሚይዝ ክንድ፦ በቢሾፍቱ ሐይቆች ለባለሸራ ጀልባ አውቶፓይለት መምረጥና መግጠም

ትንሽ ባለሸራ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ክብ መሪ የላትም። ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚገባ የመሪ ሰሌዳ አለ። ከሰሌዳው አናት ደግሞ ወደ ጀልባዋ ውስጥ የተዘረጋ ዘንግ አለ። ዘንጉን ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ይህን ዘንግ በሰው ፋንታ የሚገፋና የሚስብ አውቶፓይለት ቲለር ፓይለት ይባላል። ግማሽ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቱቦ ነው። ውስጡ ትንሽ ሞተር፣ ኮምፓስና ኮምፒውተር አለ። አቅጣጫ ይሰጡታል፣ እሱ መሪውን ይይዛል፣ የእርስዎ እጅ ነፃ ይሆናል።

አዲስ አበባ ዳርቻ ይህን ማን ይፈልገዋል? ተገቢ ጥያቄ ነው። ለገዳዲና ገፈርሳ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ስለሆኑ ለሽርሽር አይታሰቡም። አባ ሳሙኤልን እምቦጭና የከተማ ፍሳሽ አስቸግሮታል። ሸራ ያማረው ሰው ገላንና ዱከምን አልፎ ቢሾፍቱ ይወርዳል። ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ የመርከብ ሙያተኞች የሚሠለጥኑበት አንድ አካዳሚም በባቦጋያ ስም ይጠራል። ሐይቆቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ጥሩ ነፋስ ካለ ባቦጋያን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ እዚህ የመሣሪያው ጥቅም ረጅም ጉዞ ላይ አይደለም። ብቻውን የወጣ ሰው ሸራ ለመስቀል፣ የተወሳሰበ ገመድ ለመፍታት ወይም ሞተር ለማስነሳት ሁለት እጅ ሲያስፈልገው ነው። ቆቃ ወይም ላንጋኖ ለሚወርድ ጀልባ ደግሞ ጥቅሙ ይሰፋል።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ትውልደ ሩሲያዊው መሐንዲስ ኒኮላስ ሚኖርስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ጎበዝ መሪ ያዥ ምን እንደሚያደርግ በሂሳብ ጻፈ። ጎበዙ የሚያየው መርከቧ ከመስመር ምን ያህል እንደወጣች ብቻ አይደለም። በምን ፍጥነት እየወጣች እንደሆነና ስህተቱ ምን ያህል እንደቆየም ያያል። የዛሬ ፋብሪካዎች ሙቀትና ግፊት የሚቆጣጠሩት በዚሁ ስሌት ነው። በሸራ በኩል ደግሞ ፍራንሲስ ቺችስተር እ.ኤ.አ. በ1960 አትላንቲክን ለብቻ የማቋረጥ ውድድር በ40 ቀን ሲያሸንፍ መሪውን የያዘለት ያለ ኤሌክትሪክ በነፋስ የሚሠራ መሣሪያ ነበር።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ብዙ ሰው የጀልባውን ርዝመት ይዞ ይገዛል፤ ለእኔ ግን ክብደቱ ይበልጣል። እሱም ባዶው ክብደት ሳይሆን ሰው፣ ውሃ፣ ነዳጅና ዕቃ ሲጫን ያለው ነው። በዚያ ላይ 20 በመቶ ይጨመርበት። ከታወቁት መካከል ሬይማሪን የተባለው አምራች የሚሠራቸው ኤስቲ 1000 ፕላስ እስከ 3,000 ኪሎ፣ ኤስቲ 2000 ፕላስ እስከ 4,500 ኪሎ ለሚመዝኑ ጀልባዎች የተሠሩ ናቸው። ሲምራድ የተባለው ሌላ አምራች የሚሠራው ቲፒ ተከታታይም በዚሁ ረድፍ ይመደባል። ቢሾፍቱ ከባህር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን በዚያው መጠን በቀስታ ይገፋዋል። ይህን አይቶ አነስተኛውን መግዛት ግን አያዋጣም። በገደል በተከበበ ሐይቅ ላይ ነፋሱ ድንገት ይመጣል፣ አቅጣጫውንም ይቀያይራል። በቀላሉ ለምትገለበጥ የአራት ሜትር ጀልባ ደግሞ መሣሪያው ከነጭራሹ አይሆንም።

ገጠማው ላይ ሁለት ልኮች ወሳኝ ናቸው። ከላይ በተጠቀሱት የሬይማሪን ሞዴሎች ከመሪ ሰሌዳው መዞሪያ እስከ ዘንጉ ላይ የሚተከለው ፒን 460 ሚሊ ሜትር ነው። ከፒኑ እስከ ጎን መቀመጫው ሶኬት፣ ማለትም የመሣሪያው ሌላኛው ጫፍ እስከሚገባበት ቀዳዳ፣ 589 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ መሃል ላይ ሲሆን መሣሪያው ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራትና አግድም መተኛት አለበት። ፒኑ ወደ መዞሪያው ከቀረበ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ከራቀ ደግሞ መሪው በበቂ አይዞርም። መደበኛው ቦታ ወደ ፊት ዞረው ሲቀመጡ በቀኝ በኩል ነው። በግራ ከተገጠመ ቅንብሩ መገልበጥ አለበት፤ አለበለዚያ ጀልባዋ በተቃራኒው ትዞራለች። በትራፓኖ ከመብሳት በፊት በካርቶንና በፕላስተር መሞከር ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ልኩ ካልገጠመ ማራዘሚያ ዘንግና መደገፊያ ብረት አለ። እነዚህ እንደ መኪና መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ገብተው የሚገዟቸው አይደሉም፤ ቀላሎቹን ግን ጥሩ ቶርኖ ቤት ከማይዝግ ብረት ይሠራቸዋል። ሶኬቱና ፒኑ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ይጣበቃሉ፤ ሳይደርቅ መንካት ክልክል ነው።

መብራቱ 12 ቮልት ነው። ሲሠራ እንደ ጭነቱ ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል አምፔር ይወስዳል። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና መሣሪያው በሥራ መሃል ይጠፋል። ወፈር ያለ ሽቦና ለብቻው ፊውዝ ይደረግለት።

ኮምፓሱ ላይ ደግሞ የእኛ አገር ዕድለኛ ናት። የምድር ማግኔት ወገብ፣ ማለትም የማግኔት መስኩ አግድም የሚተኛበት መስመር፣ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። በዚህም ምክንያት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ ይታወቃል። በሰሜን አውሮፓ የማግኔት መስኩ ወደ መሬት በጣም ያዘነብላል። ጀልባዋ በነፋስ ስታጋድል ይህ ዝንባሌ ኮምፓሱን ያሳስተዋል፤ በተለይ ወደ ሰሜን ሲጓዙ መሪው ይቅበዘበዛል። ቢሾፍቱ ላይ መስኩ አግድም ሊባል በሚችል ሁኔታ ስለተኛ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ድምፅ ማጉያና ብረት ግን የትም ቦታ ያሳስቱታል፤ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይራቁ።

መጀመሪያ በእጅ ይነዳ። ሸራው በትክክል ካልተወጠረና ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ልትዞር ካስቸገረች አውቶፓይለቱ ሲታገል ይውላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል። ሰዎች "ማሽኑ ደካማ ነው" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ከመጠን በላይ ስለሆነ ነው። ጀልባዋ ከመስመር ስትወጣ መሣሪያው መሪውን የሚያዞርበት የምላሽ መጠንም ይስተካከል፤ ከበዛ ጀልባዋ ገና መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ ሹፌር ግራ ቀኝ ትላለች። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። መሣሪያው ኮምፓሱን እንጂ ነፋሱን አይከተልም። ነፋሱ ከዞረ የሸራው አግዳሚ ምሰሶ በድንገት ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል፣ ጭንቅላት ይመታል።

ብቻውን የወጣ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባዋ ትታው ትሄዳለች። የሕይወት አድን ጃኬትና ከጀልባዋ ጋር የሚያስር ገመድ የግድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብም ማንኛውም መርከብ ሁልጊዜ በዓይንና በጆሮ ዙሪያውን እንዲጠብቅ ያዛል። ደንቡ የባህር ነው፤ ዋናተኛና ካያክ በሚበዛበት ትንሽ ሐይቅ ላይ ግን ይበልጥ ያስፈልጋል።

ዋጋው የከበደው ሰው ራሱ መሥራት ይችላል። ፓይፓይለት የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ራስፕቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ከሚገፋና ከሚስብ የኤሌክትሪክ ክንድ ጋር ይያያዛል። ለምህንድስና ተማሪ ጥሩ ፕሮጀክት ነው። የተገዛም ይሁን የተሠራ፣ ክንዱ ከፒኑ ላይ በአንድ እጅ ቶሎ መነሳት አለበት። ይህን ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ ሳለ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል።