ፍርሃት ያደከመውን በሽተኛ አትውቀሱት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። በሽተኛ ጥየቃ ላይ ደጋግሜ የምሰማትና ልቤን የምታሳምመኝ ንግግር አለች። ሰዎች ሊጸልዩለት ይመጣሉ፣ በሽተኛው ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል፣ ከክፍሉ ሲወጡ «መንፈሱ ደንዝዟል፣ እምነቱ ወርዷል» ይላሉ። ቤተሰቡ ይሰማል። አንዳንዴ በሽተኛው ራሱ ይሰማል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ ተኝቷል ማለት አይደለምና።

እስቲ 1ኛ ነገሥት 19ን ክፈቱ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደለት ሰው ነው። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው እንደማለች ሲሰማ ግን ነፍሱን ሊያድን ሸሸ። የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄዶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ መሞት እንደሚፈልግ ለእግዚአብሔር ነገረው፣ ከዚያም እንቅልፍ ወሰደው። መልአኩ መጥቶ ሲዳስሰው ስብከት አልጀመረለትም፤ ተነሥተህ ብላ ነው ያለው። ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። ይቺን ነገር ብዙ ጊዜ እናልፋታለን፤ ከመልአክ እጅ በልቶ እንደገና ተኛ እኮ! መልአኩም ሁለተኛ ሲመጣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ብላ አለው እንጂ ስለ እንቅልፉ አንድ ቃል አልተናገረውም።

«ደቀ መዛሙርቱ ግን ተወቅሰው የለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ ጌታ በጌቴሴማኒ ለምን እንደተኙ ጠይቋቸዋል። ግን ማቴዎስና ማርቆስ ዓይናቸው እንደከበደ ሲጽፉ፣ ምክንያቱን የነገረን ሉቃስ ብቻ ነው፤ ከኀዘን የተነሣ ተኝተው አገኛቸው ይላል (ሉቃስ 22፥45)። ይህ ሉቃስ ደግሞ ጳውሎስ ባለ መድኃኒት፣ ማለትም ሐኪም ብሎ የጠራው ሰው ነው። ጌታም ራሱ በዚያች ሌሊት ሥጋ ደካማ እንደሆነ ነግሯቸዋል። እነሱ እንግዲህ ጤነኞች ነበሩ። የታመመማ እንዴት ይሁን?

ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይህ ከአደጋ ያድናል። በሽተኛ ግን ፍርሃቱ ከአልጋው አይወርድም፤ የምርመራው ውጤት ምን ይሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው እነቃ ይሆን፣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል እያለ ሌሊቱን በቁሙ ያድራል፣ ኮሪደር ላይ እግር በተሰማ ቁጥር ይባንናል። ጠዋት እናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ስትገቡ ያ ሰው አልቋል። መጨፈኑ ራሱ ለአንዳንዱ መሸሸጊያ ነው፤ ከነቃ የሚፈራው ነገር ይጠብቀዋላ።

ግን ሁሉን ነገር ለፍርሃት አንስጥ፤ ይሄ አደገኛ ነው። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ለጭንቀት የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶችም ያስተኛሉ። መድኃኒቱ የበዛበት ከመሰላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ «በእምነት ተወው» አትበሉት፤ በድንገት ማቆም ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ደግሞ ስትጠሩት በቅጡ የማይነቃ፣ ንግግሩ የተምታታ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም ፊቱ ባንድ በኩል የወደቀ ሰው ካያችሁ ጸሎታችሁን እየጸለያችሁ ሮጣችሁ ነርስ ጥሩ። የስኳር መጠን መውረድ፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ስትሮክ (የአንጎል ደም ዝውውር መቋረጥ) እንዲህ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ። በተለይ አረጋውያን ላይ ድንገተኛ ድብታን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ።

በሰላም የሚተኛም አለ። ጴጥሮስ ሊገደል በነበረበት ዋዜማ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቶ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 12)፣ መልአኩ ጎኑን መትቶ ነው ያነቃው። ስለዚህ ከውጭ አይተን የሰውን እምነት መመዘን አንችልም። እሱን ለእግዚአብሔር እንተውለት።

ከዚህ በኋላ ስትሄዱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ከተኛ አትቀስቅሱት፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ በልባችሁ ጸልዩ። መዝሙር 121 እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም ይላል። እሱ ስለማይተኛ በሽተኛው መተኛት ይችላል። ይህን በጆሮው ብትነግሩት የሚያለቅስ ሰው አለ፣ እኔ አይቻለሁ፤ ነቅቶ ካልጠበቀ የሚሞት ይመስለው ነበር።

ሲነቃ ደግሞ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት፣ «አትፍራ» ለማለትም አትቸኩሉ። እግዚአብሔር ኤልያስን «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ካስተኛው፣ ካበላው፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ ካስኬደው በኋላ ነው። ኤልያስ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ አማረረ። ሁለተኛ ሲጠየቅም ያንኑ ደገመው። እግዚአብሔርም ሰማው፣ ሥራ ሰጠው፣ ለጣዖቱ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፣ አብሮት የሚሄደውንም ኤልሳዕን አሳየው። በሽተኛችሁም ያንኑ ፍርሃት ሦስቴ አራቴ ቢነግራችሁ እንደ አዲስ ስሙት፤ ሌሊቱን የሚፈራ ከሆነም ከመካከላችሁ አንዱ አብሮት ይደር።