«ደም ስሩ ከተዘጋ ፊኛው ይሞታል» እና ሌሎች የሰፈር ወሬዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ጥያቄው ግን ደረጃ ላይም ታክሲ ሰልፍ ላይም አይቀርልኝም። ሰሞኑን የብሎካችን አንድ አባት ኢምቦላይዜሽን ታዘዘላቸው። ከሽንት ፊኛ ወይም ከፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ ስር ካለው ዕጢ) የሚፈስ ደም አልቆም ሲል፣ ደም የሚያደርሰውን ደም ቅዳ ከውስጥ የመዝጋት ሕክምና ነው። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ ሁሉም ስፔሻሊስት ሆኗል።

«ደም መሽናት ብርድ ነው፤ ይለቃል»

ብርድ ደም አያሸናም። ቀይ ስር የበላ ወይም ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንቱ ሊቀላ ይችላል፤ እሱ ደም አይደለም። እውነተኛ ደም ከሆነ ግን ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ የፕሮስቴት ማደግ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሳያም መጥቶ መጥፋቱ አያዘናጋ። የፊኛ ካንሰር እንዲህ ብቅ ጥልቅ ማለት ያውቅበታል።

«ደም ስሩ ከተዘጋ ፊኛው ይሞታል»

ከሁሉም የሚያስፈራቸው ይሄ ነው። ዳሌ ውስጥ ግን ደም በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ከግራም ከቀኝም የሚመጡ ደም ቅዳዎች አሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይገናኛሉ። ዋናው አስፋልት ሲዘጋ ሚኒባሶች ውስጥ ለውስጥ እንደሚወጡት፣ ደሙም በቀጫጭኖቹ ዞሮ ይደርሳል። የሚደማው ቦታ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ ግን ደሙ ለመርጋት ፋታ ያገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሽሽት ወይም የእጅ አንጓ ይደነዝዛል፤ ታካሚው ብዙውን ጊዜ ነቅቶ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ ይገባል። ቀለም ይረጫል፣ ደም ስሮቹ በራጅ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከዚያ ይበልጥ ቀጭን ቱቦ በዚያው ውስጥ አልፎ ፊኛውን ወይም ፕሮስቴቱን ወደሚመግበው ቅርንጫፍ ይጠጋል። እዚያ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ቅንጣቶች፣ ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚሟሟ የጄላቲን ስፖንጅ ይለቀቃል። የተጠቀለለች ቀጭን ሽቦ የምትቀመጥበትም ጊዜ አለ። ቅንጣቱ ያልታሰበ ቅርንጫፍ ከገባ መቀመጫ ላይ ሕመም ያመጣል። የፊኛው አካል የሞተበት አጋጣሚ የለም አልልም፤ በጣም አልፎ አልፎ ነው።

«ያው ኦፕሬሽን ነው»

ሆድ አይከፈትም። ስፌትም የለም። በብሽሽት ከተገባ ግን እግርን ሳያጥፉ ለሰዓታት መተኛት ግድ ነው። ቤተሰብ ይሄን አይቶ «ሽባ ሆነ እንዴ?» ብሎ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ለጥቂት ቀናት ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽና ሕመምም ሊኖር ይችላል።

«ወንድነትን ይነካል»

ይሄን ጋሼዎቹ ጮክ ብለው አይጠይቁም፤ ሚስት ናት ጠጋ ብላ የምትጠይቀኝ። ጥያቄው የሞኝ አይደለም። ወደ ብልት የሚሄደው ደም ቅዳም ፊኛንና ፕሮስቴትን ከሚመግበው ከዚያው ግንድ ነው የሚወጣው። ሐኪሙ ያንን ቅርንጫፍ ላለመንካት የሚጠነቀቀውም ለዚህ ነው። ችግሩ የሚያጋጥመው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ከመፈረም በፊት ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም።

«የወንዶች ጣጣ ነው»

በፍጹም። ለማኅፀን በር ካንሰር ጨረር የወሰደች ሴት ከዓመታት በኋላም ፊኛዋ ሊደማ ይችላል። በመኪና አደጋ የዳሌ አጥንት ሲሰበር የሚፈሰውን ደም ለማቆምም ይኸው ዘዴ ይሠራበታል።

«ካንሰሩንም አብሮ ይጨርሰዋል»

ደሙን ነው የሚያቆመው። ካንሰሩ የራሱን ሕክምና ይፈልጋል። ደሙም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ሕክምናው የሚደገምበት ጊዜ አለ።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልሠሩላቸውም?»

ብዙ ሰው በቀላሉ ስለሚቆምለት ነዋ! መጀመሪያ ባለ ሦስት መስመር ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ገብቶ ፊኛው ይታጠባል፣ የረጋው ደም ይወጣል። ደም ያነሰው ደም ይሰጠዋል። ካልሆነ በሽንት መውጫ በካሜራ ገብተው የሚደማውን ቦታ በሙቀት ይተኩሱታል። ኢምቦላይዜሽን የሚመጣው ይሄ ሁሉ አልበቃ ሲል፣ ወይም ታካሚው ለኦፕሬሽን አቅም ሲያጣ ነው። የረጋ ደም ሽንት ከዘጋ ግን ሌሊትም ቢሆን አይታደርም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የሚዋጡ መድኃኒቶችን ከነካርቶናቸው ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ደም ማቅጠኛና የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን። ደም ማቅጠኛ መድማቱን ስለሚያብስ፣ ሜትፎርሚን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የሚረጨው ቀለም ኩላሊትን ስለሚፈትን፣ ሐኪሙ ከሁሉም በፊት እነዚህን ይጠይቃል።