«ቦርዱ ላይ ሰርቷል» ማለት ቺፑ ይሰራል ማለት አይደለም

በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ባሕር ዳር ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። «ቲቸር፣ ቦርዱ ላይ ሰርቷል፤ አለቀ!» አላለቀም። እውነቱን ለመናገር ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ዛሬ እሱንና መሰሎቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

በመጀመሪያ ለማያውቁት። ኤፍፒጂኤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም ውስጡ ያለውን ዲጂታል ሰርኪዩት እንደፈለግን የምንቀያይረው ቺፕ ነው፤ ተማሪዎቹ «ቦርዱ» የሚሉት ይህ ቺፕ የተገጠመበትን የመሞከሪያ ሰሌዳ ነው። ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው 64 የሎጂክ ብሎክ ብቻ ነበረው። ዛሬ ቺፕ የሚነድፉ ኩባንያዎች ሥራቸውን ወደ ፋብሪካ ከመላካቸው በፊት ኤፍፒጂኤ ላይ ጭነው ይፈትሹታል። የጎጃም ሰው ይህን ከቅኔ ቤት ያውቀዋል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መጀመሪያ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ እዚያው ይታረማል። ቺፑ ሲሊከን ላይ ከታተመ በኋላ ግን ማረሚያ የለውም። ፔንቲየም የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በማካፈያ ሰንጠረዡ ውስጥ 5 ቦታዎች ስለጎደሉ አንዳንድ ቁጥሮችን አሳስቶ ያካፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ነገሩ ሲታወቅ ኩባንያው 475 ሚሊዮን ዶላር አወጣበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

«ቬሪሎግ እንደ ፓይተን ኮድ መጻፍ ነው።» አይደለም። ፓይተን የሶፍትዌር ቋንቋ ነው፤ ቬሪሎግ ግን የሰርኪዩት መንደፊያ ቋንቋ ነው። የምትጽፈው ሽቦና ሬጅስተር (ዋጋ የሚይዝ ትንሽ ማስታወሻ) ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰራል።

«አንዴ ከጫንከው አይጠፋም።» አብዛኞቹ ኤፍፒጂኤዎች መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳሉ። አንድ ተማሪ ከደብረ ማርቆስ በሌሊት ደውሎልኝ «ቦርዱ ተቃጠለ» አለኝ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። መብራት ሄዶ ተመልሶ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም። ንድፉ ሁልጊዜ ራሱ እንዲነሳ ከፈለግህ ቦርዱ ላይ ያለው ፍላሽ፣ ማለትም መብራት ቢጠፋም የማይረሳው ሜሞሪ ውስጥ ጻፈው።

«ቦርድ ካለ ሲሙሌሽን ጊዜ ማባከን ነው።» ይህ ያናድደኛል። ሲሙሌሽን ንድፉን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማስኬድ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱን ሽቦ፣ በእያንዳንዱ ክሎክ (ሰርኪዩቱ በሚራመድበት ምት) ታያለህ። ቦርዱ ላይ የምታየው አስቀድመህ የመረጥካቸውን ሽቦዎች ብቻ ነው። ለዚያውም የቺፑ ሜሞሪ የቻለውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሺህ ክሎክ ብቻ። ሌላ ሽቦ ማየት ካማረህ ንድፉን ለቺፑ እንደገና ማዘጋጀት (ኮምፓይል) ነው፤ ትልቅ ንድፍ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል። የቦርዱ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። አንድ ሶፍትዌር ለመነሳት 1 ቢሊዮን ክሎክ ይፈልጋል እንበል። በሰከንድ 1,000 ክሎክ በሚራመድ ሲሙሌሽን ከ11 ቀን በላይ ነው። በ50 ሜጋኸርዝ ቦርድ 20 ሰከንድ። ስለዚህ ሲሙሌሽን ላይ የሚገኘውን ስህተት እዚያው ጨርሰህ፣ ረጅም ሩጫ የሚፈልገውን ለቦርዱ ተው።

አሁን ወደ ዋናው። «ኤፍፒጂኤ ላይ ከሰራ ቺፑም ይሰራል።»

አምና አንድ የዳንግላ ልጅ ትንሽ ፕሮሰሰር ነድፎ መጣ። ፕሮሰሰሩ «ሰላም» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ደጋግሞ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራውም የሚያስደስት ነበር። ኮዱን ስከፍተው ግን የሚላኩትን ቢቶች የሚቆጥረው ሬጅስተር ሪሴት፣ ማለትም ወደ መነሻ ዋጋው የሚመልሰው ምልክት የለውም። በምትኩ «ሲጀመር ዜሮ ነው» የሚል አንድ መስመር ተጽፎለታል።

«ይህን ለምን ጨመርከው?» አልኩት።

«ሲሙሌሽኑ ላይ ቀይ መስመር እያሳየ አስቸገረኝ፣ ቲቸር።»

ቀዩ መስመር እኮ «የዚህን ሬጅስተር ዋጋ አላውቀውም» እያለው ነበር። እሱ እውነት የሚናገረውን ምስክር አፉን አስያዘው። ቦርዱ ላይ ለምን ሰራ? ኤፍፒጂኤ ንድፉ ሲጫንበት ሬጅስተሮቹ የመነሻ ዋጋቸውን አብረው ስለሚያገኙ ነው። ፋብሪካ የሚሰራው ቺፕ ይህ የለውም። ኃይል ሲያገኝ እያንዳንዱ ሬጅስተር ዜሮም ይሁን አንድ፣ በዕድል ነው የሚነሳው። ያችን የመነሻ መስመር የቺፕ መሣሪያዎቹ ዘለዋት ያልፋሉ።

በቃል ብቻ ባስረዳው አያምነኝም ነበር። ስለዚህ ፊደላቱ እየተላኩ ሳለ የሪሴት ቁልፉን እንዲጫን ነገርኩት። አንዴ፣ ምንም የለም። ሁለቴ፣ ምንም የለም። ሲደጋግመው ከፊት ያሉት ፊደላት ተበላሽተው ስክሪኑ ላይ ወጡ። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ የውስጥ ሎጂክ አናላይዘር (ቺፑ ውስጥ ሆኖ የሽቦዎችን ዋጋ የሚመዘግብ መሣሪያ) አስገብተን፣ ሪሴት በተለቀቀባት ቅጽበት እንዲይዝ አደረግነው። ቆጣሪው 0 መሆን ሲገባው 5 ላይ ቆሟል። ሌላው ሁሉ ከመጀመሪያ ሲጀምር እሱ ከመሃል ቀጠለ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሪሴት ቁልፉን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት መቶ ጊዜ ተጫን። ሲሙሌሽን ላይ ቀይ መስመር ካየህ ምንጩን ፈልግ፤ አትሸፍነው። እያንዳንዱን ሬጅስተር «አንተን ማን ነው የሚያስነሳህ?» ብለህ ጠይቅ።

ሪሴት ብቻም አይደለም። ቺፑ ላይ ኃይል ለመቆጠብ የሚዘጋና የሚከፈት ክሎክ፣ ኤፍፒጂኤ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ዘዴ ይተካል። ሜሞሪውም የቦርዱ ሜሞሪ እንጂ ቺፑ ላይ የሚቀመጠው አይደለም። ከአንድ ክሎክ ወደ ሌላ ክሎክ የሚሻገር ምልክት ደግሞ ቦርድህ ላይ ወር ሙሉ ሳይሳሳት ሊቆይ ይችላል፤ ቺፑ ላይ ግን በሌላ ፍጥነትና በሌላ ሙቀት ሊሳሳት ይችላል። ይህን የሚይዘው ንድፉን በጥንቃቄ መመርመር ነው፤ ቢያንስ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ (አንድ ቢት የሚይዝ ሬጅስተር) በመግቢያው ላይ አሉ ወይ ብሎ ማየት።

«የኃይል ፍጆታውንም ቦርዱ ይነግረናል።» አይነግርም። የለካኸው የኤፍፒጂኤውን ፍጆታ ነው።

«ውድ ቦርድ ከሌለ አይጀመርም።» ይህን የሚሉኝ ልጆች በጣም ያሳዝኑኛል፤ በዚህ ምክንያት የተዉትን አውቃለሁ። የሲሙሌሽን ሶፍትዌሮቹ አይካረስና ቬሪሌተር፣ ውጤቱን በመስመር የሚያሳየው ጂቲኬዌቭም በነጻ የሚገኙ ናቸው። አንዴ ካወረድካቸው ኔትወርክ ባይኖርም ይሰራሉ። ሪስክ ፋይቭ በተባለው፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት በሚችለው የትእዛዝ ስብስብ የተሰራ ትንሽ ፕሮሰሰር በርካሽ ኤፍፒጂኤ ውስጥም ይገባል። እኛ ጋ ለስድስት ልጆች ያለን አንድ ቦርድ ነው፤ ቀይ መስመሩን የጨረሰ ወረፋ ይይዛል።