መተማ ዮሐንስ፦ የአንዲት የድንበር ገበያ ታሪክና ሕዝቧ

መተማ ዮሐንስ በአማራ ክልል በምዕራብ ጎንደር ዞን የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር አይሞላም። ከአዘዞ ተነሥቶ ጭልጋን፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን እያቋረጠ የሚወርደው መንገድ የሚያልቀው እርሷ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትታያለች። ሁለቱ ከተሞች እርስ በርስ የሚተያዩ ጎረቤቶች ስለሆኑ በጥንት ጽሑፎች አንዱ ስም በሌላው ቦታ እየገባ አንባቢን ያደናግራል። በዚህ ላይ በሱዳን፣ በአባይ ዳር ከሸንዲ ፊት ለፊት፣ ሌላ መተማ የምትባል ከተማ መኖሯ ስሕተቱን ያባብሰዋል። «ዮሐንስ» የሚለው ቅጽል እዚያ ለወደቁት ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ መታሰቢያ የተሰጠ ነው።

ስለ መተማ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በንጉሠ ነገሥቱ ሞት ላይ ያተኮረ ነው። ከተማዋን የሠራት ግን ገበያው ነው።

የገበያው ዘመን

ከጎንደር ወደ ሰናር የሚወስደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ በዚህ ቆላ ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ሰናር ሲወርድ አካባቢውን ራስ ፊል በሚል ስም ያነሣዋል፤ የአገሩ ገዥነትም በስም ለእርሱ ተሰጥቶት እንደነበር ይናገራል። የመተማ ትልቅነት የሚጀምረው ግን ተክሩሮች ሲሰፍሩባት ነው። ተክሩር የሚባሉት ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ለሐጅ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ መንገድ ላይ የቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። መሬቱ ለጥጥና ለማሽላ የተመቸ፣ ቦታውም የደገኛውና የቆለኛው ሸቀጥ የሚገናኝበት ስለነበር እያረሱም እየነገዱም ተቀመጡ።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ሲደርስ ተክሩሮቹ በራሳቸው ሼኽ ይተዳደሩ ነበር። ሼኹ ግብር የሚከፍሉት ወደ ሁለት ወገን ነው፤ ለሐበሻም፣ ሱዳንን ለያዘችው ለግብፅም። ይህን ድክመት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ በሁለት ኃያላን መካከል ገበያን ሳያዘጉ መኖር ግን ቀላል ብልሃት አይደለም። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና በቅሎ ይወርድ ነበር። ባሮችም ይሸጡ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ከዚያው ከቆላው የታደኑ ጉሙዞች ነበሩ። ይህን ሳያነሡ የገበያውን ሀብት ብቻ ማወደስ ተገቢ አይሆንም።

ከደጋው የወረዱት ነጋዴዎች በአብዛኛው ጀበርቲ የሚባሉት የጎንደር ሙስሊሞች ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ከታዘዘ በኋላ፣ እምቢ ብለው ከተሰደዱት ብዙዎቹ መጠጊያ ያገኙት እዚህ ነው። ትእዛዙን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ከ11 ዓመት በኋላ በዚሁ ቦታ መውደቃቸው የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

ከ1876 እስከ 1881

ግብፅ በ1860ዎቹ መተማ ላይ ጦር አስፍራ ነበር። በሱዳን ማህዲ ነኝ ብሎ የተነሣው የመሐመድ አሕመድ ተከታዮች፣ ማህዲስቶች፣ በእኛ አነጋገር ድርቡሾች፣ ሱዳንን ሲያነሣሡ ይህ ጦር ተከበበ። በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ በተፈረመው የሂዌት ውል አፄ ዮሐንስ የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል ለማስወጣት ተስማሙ፤ የመተማዎቹም በዚሁ መሠረት ወጡ። የተክሩሮቹ ሼኽ ሳሌህ ሻንቃ ከማህዲስቶች ጋር አልተባበሩም፤ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በውሉ ኢትዮጵያ በዛሬዋ ኤርትራ ያለውን የቦጎስን አገር መልሳ ብታገኝም፣ የድርቡሽን ጠላትነት የተሸከመችው ብቻዋን ነው።

በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መትተው የድርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ። ብድሩ የተመለሰው በዓመቱ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ ሳር ውኃ ላይ የንጉሡን ጦር ሰብሮ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ ሕዝቡን ማርኮ ወሰደ።

አፄ ዮሐንስ ጣሊያን በምፅዋ በኩል እየገፋ፣ ከሸዋና ከጎጃምም ጋር ቅሬታ ሳለ፣ ፊታቸውን ወደ መተማ አዞሩ። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር ምሽጉን የያዘው ዘኪ ጠማል ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጊያው ተጀመረ። የኢትዮጵያ ጦር የእሾህ አጥሩን ጥሶ ገብቶ፣ ድሉ በእጁ ሊገባ ተቃርቦ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ወደ ኋላ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ነው ብለው ተናዘው በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬኑ ወደ ትግራይ ሲጓዝ ድርቡሾች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ አጎታቸው ራስ አርአያ ሲከላከሉ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በሱዳን የገላባት ጦርነት እየተባለ እንደ ድል ይነገራል፤ ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ እስኪመቱ ድረስ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ጦር ያዘነበለ ነበር።

ድንበሩ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል መተማን ከገላባት ለየ። በቀጣዩ ዓመት መስመሩን በምድር ላይ ያሰመረው እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ነው፤ ሥራው ሲሠራ የኢትዮጵያ ወኪል አብሮት አልነበረም። ከመተማ በስተሰሜን ባለው በአልፋሽጋ ለም መሬት ላይ እስከ ዛሬ ለሚነሣው ክርክር አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ሁለቱም ከተሞች ለጥቂት ወራት በጣሊያን እጅ ነበሩ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ዊሊያም ስሊም ከሕንድ ብርጌዱ ጋር ገላባትን ያዘ፤ መተማን ግን ሊይዝ ሳይችል አፈገፈገ። ጣሊያኖቹ በጥር ወር ለቀው ወጡ።

ሕዝቡ

ጉሙዞች በሽንፋ ወንዝ አካባቢ ጥንታዊ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ በታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ ግን ድርሻቸው ትንሽ ነው። ቅማንቶች፣ አማሮችና አገዎች ከደጋው ወርደዋል። ፈላታ የሚባሉት ከብት አርቢዎች እንደ ተክሩሮቹ ሁሉ መነሻቸው ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ከብታቸውን እየነዱ ድንበሩን ይሻገራሉ። ትግሬዎችና ሱዳናውያን ነጋዴዎችም አሉ። በገበያው አማርኛና ዐረብኛ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። በቅማንት የማንነት ጥያቄ ዙሪያ በ2011 ዓ.ም. በዚህ ቆላ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፤ ስለ መንሥኤው ወገኖቹ የሚሰጡት ቃል የተለያየ ነው።

በደርግ ዘመንና በተለይም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች ጫካውን ወደ እርሻ ለውጠውታል። ዕጣን የሚሰጠው ዋልያ መቀር የተባለው ዛፍ እየሳሳ የሄደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዛሬ የአገሩ ገንዘብ ሰሊጥ ነው፤ ጥጥና ማሽላም ይመረታሉ። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ከመርገፉ በፊት መታጨድ ስላለበት፣ በመስከረምና በጥቅምት ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች በሺህ እየሆኑ ከደጋ ይወርዳሉ። ወባና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛር የሚጠብቋቸው እዚያው ነው፤ የቆላው በሽታ የሚከፋው ለእንግዳ ሰውነት ስለሆነ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌላም አገር ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፉ። ለስደተኞቹ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራላቸው። በዚያ ወቅት በድልድዩ የሚሻገረው ሰው በአብዛኛው ከማዶ ወደዚህ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሥራ ፍለጋ ወደ ገዳሪፍና ወደ ካርቱም፣ ባስ ሲልም ወደ ሊቢያ የሚወጡት ወጣቶች የሚያልፉት በዚሁ በር ነበር።