የደሴ መቃብሮችና የቅሬ ወግ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ቤተ ክርስቲያኑን የከበቡት ጽዶች ቀድመው ይሰወራሉ። ከጽዶቹ ሥር መቃብር አለ። ማታ ማታ ልጆች በዚያ አያልፉም፤ የጅብ ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ትልቁም ሰው እርምጃውን ያፈጥናል። ሲነጋ ግን እዚያው ገብቶ ከመቃብር መቃብር እየዞረ የማያውቀውን ሰው ስም የሚያነብ አይጠፋም።

የክርስቲያኑ መቃብር በአብዛኛው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። አቅም ያለው በሲሚንቶ ያሠራል፤ የሟቹን ፎቶም በመስታወት ያስገባል። ከዓመታት በኋላ ዝናቡ መስታወቱን አልፎ ይገባና ፊቱን ያጥበዋል። ከነጠላዋ ጥለት በቀር ምንም ያልቀረላት እናት ፎቶ ፊት ቆሞ አለማዘን ይከብዳል። የሙስሊሙ መቃብር ከዚህ ይለያል። ሟች በከፈን ተጠቅልሎ፣ በቀኝ ጎኑ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ፣ ዞሮ ይተኛል። ከላይ ራስጌና ግርጌው ላይ ድንጋይ ይቆማል፤ አንዳንዱ ላይ እሬት ይተከላል። ስም ባይጻፍበትም ቤተሰቡ አይስተውም።

ከተማዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቆረቆሯት በኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤል ናቸው። «ደስዬ» የሚለውን ስም ያወጡላት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው ይባላል። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘው ነበር። መንግሥት በወቅቱ በኮምቦልቻ ከ100 በላይ ወጣቶች ተገድለዋል ሲል፣ ሕወሓት አስተባብሏል። ያ ቁስል ገና አልሻረም።

ሰውን አስፈርቶ ሳይሆን አባብሎ የሚጠራ መቃብርም አለ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በቃሉ ወረዳ፣ ጌታ በሚባል ስፍራ የሚገኘው የሐጂ ቡሽራ መቃብርና ጃማ ንጉሥ በሚባል ስፍራ የሚገኘው የሼህ ሙሐመድ ሻፊ መቃብር ለዚያራ፣ ማለትም መቃብር ለመጎብኘት፣ ብዙ ሕዝብ ይሰበስባሉ። መንዙማ ይባላል፣ ዱዓ ይደረጋል። መቃብር መዘየርን የሚነቅፉ ዑለማዎች አሉ። ወሎዬው ግን ከጥንት ጀምሮ ይሄዳል።

የደሴን ቀብር ደሴኛ የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ቅሬው ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የአንድ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ ያቅፋል። ለፋፊው ማለዳ እየዞረ ሲጣራ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ወንዶቹ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶቹ ለቅሶ ቤቱን ይይዛሉ።

ደሴ ዳገት ናት። ቃሬዛውን አንድ ሰው ብዙ ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው ትከሻ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሳይጠራ ገብቶ ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። ሟች ክርስቲያን ከሆነ ሙስሊሙ ጎረቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸኛል፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅም ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ሙስሊም ሲሆን ቀብሩ አይዘገይም፤ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ነው። ክርስቲያኑ የጀናዛ ሰላት ሲሰገድ ዳር ቆሞ ይቆይና ከዚያ አፈር ለማልበስ ይሻማል።

ከቀብር መልስ በር ላይ እጅ መታጠቢያ ውሃ ይቀርባል። ከዚያ ንፍሮ ይመጣል። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ንፍሮ ግን ባራኪ አይፈልግም፣ ጾምም አያስፈታም። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ካንድ ሰፌድ ይዘገናል። በቃሬዛው ሥር ትከሻ ለትከሻ የነበሩት ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱን ይቆረጥማሉ።