ያገለገለ ፎር ባይ ፎርን ለአስቸጋሪ መንገድ ማዘጋጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያገለገለ ፎር ባይ ፎር ገዝቶ ቀስ በቀስ ለድንጋይ፣ ለጭቃና ለአሸዋ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ምክር አያጣም፤ የሚያጣው ቅደም ተከተሉን ነው። ከፍ ያለ ቁመና፣ ትልቅ ጎማ፣ ከፊት ዊንች (መኪናን በገመድ የሚስብ ማሽን)፣ ከጎን ስኖርክል (ሞተሩ ከፍ ካለ ቦታ አየር የሚስብበት ቱቦ) ከሩቅ የሚታዩ ነገሮች በመሆናቸው ገንዘቡ አስቀድሞ ወደ እነርሱ ይሄዳል። የመኪና ክፍሎች ግን እርስ በርስ የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ላይ ጫና ይወድቃል፤ ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

«ማሻሻያው ይቅደም፣ ጥገናው ይደርሳል»

ብዙ ዓመት የሠራ መኪና ጎሚኒዎቹ የደረቁ፣ ኩሽኔታዎቹ የላሉ፣ ራዲያተሩ በከፊል የተደፈነ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ትልቅና ከባድ ጎማ ማሰር ድካሙን ያባብሳል እንጂ አይሸፍነውም። ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፦ የፊቱን ጎማ በክሪክ ከመሬት አንሥቶ፣ አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ጎማው ከተንቀጫቀጨ የኩሽኔታው ወይም ጎማውን የሚሸከመው መገጣጠሚያ ችግር ይጠረጠራል፤ ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ የሚላላ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ መሪው ዘንጎች ይዞራል። ሻንሲውንም በትንሽ መዶሻ እየመቱ መሄድ ጥሩ ነው፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ዝገት የበላው ብረት ደንዘዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል።

በተለይ ከፊት ወጥ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዝ አንድ ወጥ አካል) ባላቸው መኪኖች ላይ በተወሰነ ፍጥነት መሪው በኃይል ሲንቀጠቀጥ ብዙዎች የመሪውን አሞርዛተር ቀይረው ያርፋሉ። አሞርዛተሩ መንቀጥቀጡን ለጊዜው ያፍነዋል፤ ምክንያቱ ግን ያለቀ ጎሚኒ፣ የላላ ዘንግ ወይም ሚዛኑን የሳተ ጎማ ስለሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ብሶ ይመለሳል። የማቀዝቀዣው ሥርዓትም ችላ ሊባል አይገባም፤ በዝግታ ዳገት የሚወጣ ሞተር ብዙ እየሠራ ከፊት የሚመጣለት ነፋስ ጥቂት ነው፤ በአስፋልት ላይ ያልታየ ድካም እዚያ ይጋለጣል።

«መኪናው ከፍ ሲል ሁሉም ነገር ከመሬት ይርቃል»

ይህ በከፊል እውነት በመሆኑ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ወጥ አክስል ባለው መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ፣ የሚቀመጠው በጎማዎቹ መካከል፣ ከሞላው ወይም ከባሌስትራው በታች ነው። ስለዚህ ረዘም ያለ ሞላ ሲገባ ከፍ የሚለው ሻንሲውና አካሉ ሲሆን፣ ድንጋይ ቀድሞ የሚመታው ዲፈረንሻል ግን በነበረበት ይቀራል። እርሱን ከፍ የሚያደርገው የጎማው ቁመት ብቻ ነው።

ይህ ሲባል ከፍታው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 285 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውና ሆዱ ከመሬት 22 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ መኪና ሳይነካካ ሊያልፍ የሚችለው ጉብታ ወደ 17 ተኩል ዲግሪ ያህል የሰበረ ነው። በዚያው መኪና ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር ማዕዘኑ ወደ 21 ተኩል ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም ሹል ጉብታ ላይ በሆድ መቀመጥንና አለመቀመጥን የሚለይ ልዩነት ነው። ከዚያም በላይ ለትልቅ ጎማ ቦታ ይፈጥራል።

ዋጋው ግን ከሞላው ጋር በሚመጣው ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። የክብደቱ ማዕከል ከፍ ስለሚል መኪናው በጎን ተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ወደ ኋላ በሚዘረጉ ረጃጅም ክንዶች በተያዘ የፊት አክስል ላይ፣ አካሉ ከፍ ሲል አክስሉ በራሱ ዙሪያ ጥቂት ስለሚዞር የፊት ጎማዎቹ መሪ ሲጠመዘዝ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞሩበት ምሰሶ ዘንበል ያለበት ማዕዘን፣ ማለትም ካስተር፣ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ወደ መሐል መመለስ ይሰንፋል፤ በፍጥነት ሲነዳም መኪናው ይቅበዘበዛል። ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ማዕዘኑ ሲበዛ መንዘር ይጀምራል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦ አክስሉ እስከ ታች ሲንጠለጠል ሊወጠር ይችላል፤ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀሳቀሱበት መኪና ላይ ደግሞ የሲቪ መገጣጠሚያው (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ከልክ በላይ ስለሚታጠፍ ሽፋን ላስቲኩ ቶሎ ይቀደዳል። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ሰው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው የሚገዛው ሞላ ብቻ ሳይሆን ተከታዩን ጥገና ሁሉ ነው።

«ጎማው በሰፋና በተለቀ ቁጥር ይሻላል»

በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ራሱ ስሌቱን ይነግራል። 265/70-16 ማለት ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 70 በመቶ፣ ቸርኬው ደግሞ 16 ኢንች የሆነ ጎማ ነው፤ ሙሉ ቁመቱ ወደ 777 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 285/75-16 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲፈረንሻሉ ግን የሚነሣው በግማሹ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 107 ይጠጋል፤ ማርሾቹ ሁሉ በ7 በመቶ የረዘሙ ያህል ስለሚሆኑ መኪናው ዳገት ላይ ይከብደዋል፤ ፍሬኑም የበለጠ ከባድና ትልቅ ነገር ማቆም ይጠበቅበታል። ስኮርታውም መለወጥ አለበት፤ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ አንድ ብቻ ያነሰ ጎማ አስሮ ረጅም መንገድ መሄድ የመሐሉን ዲፈረንሻል፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን፣ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

ጥርሱ የጎላው የጭቃ ጎማም የሁሉ መድኃኒት አይደለም። በጭቃ ውስጥ ራሱን እያጸዳ ይቆነጥጣል፤ በእርጥብ አስፋልትና በልስልስ ድንጋይ ላይ ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ጥቂት ስለሆነ ያንሸራትታል፤ በአሸዋ ላይ ደግሞ እንደ አካፋ ይቆፍራል።

«ጎማ ሁልጊዜ በደንብ መነፋት አለበት»

ከሁሉ ርካሹ ማሻሻያ ነፋስ ማውጣት ነው፤ ከሁሉ የሚናቀውም እርሱ ነው። በአስፋልት ላይ ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) የሚነፋ ጎማ በድንጋያማ መንገድ ወደ 20፣ በለስላሳ አሸዋ ወደ 15 ገደማ ሲወርድ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል። ብዙ ሰው ጎማው ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል፤ ዋናው ጥቅም ግን ርዝመቱ ነው፤ ጎማው እንደ ታንክ ሰንሰለት መሬቱ ላይ ይነጠፋል፤ የድንጋዩን ቅርጽም ይዞ ይታጠፋል።

አንድ ጊዜ በአሸዋ ላይ የቆመ መኪናዬን ለማስወጣት አካፋ ይዤ ግማሽ ሰዓት ደክሜያለሁ። በመጨረሻ ተንበርክኬ የአራቱንም ጎማዎች ቫልቭ በቁልፍ ጫፍ እየተጫንኩ፣ የጎማው ጎን ከቸርኬው በታች እንደ ቦርጭ ወጣ እስኪል ድረስ አስተነፈስኳቸው። ከዚያ በኋላ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ፣ ያለ ጩኸት ወጣ። ያ ሁሉ የተቆፈረ አሸዋ ለከንቱ ነበር።

ጥንቃቄው ይህ ነው፦ ነፋሱ የወጣ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ስለሚግል ይበላሻል፤ ኩርባ ላይ መሪ በድንገት ሲጠመዘዝም ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ መለኪያና ከባትሪ ጋር የሚሠራ መንፊያ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ይገዛሉ፤ አስፋልት ከመግባት በፊትም ጎማው መልሶ ይነፋል።

«ፎር ባይ ፎር ከሆነ አራቱም ጎማ ይስባል»

ተራ ዲፈረንሻል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚሰጠው ጉልበት እኩል ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይመጣል። አንደኛው ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሽከረከር እርሱን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ኢምንት ስለሆነ፣ መሬት የያዘውም ጎማ የሚደርሰው ያው ኢምንት ነው። ሰያፍ ጉድጓድ ሲገጥም የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማዎች ተንሳፍፈው ቀስ ብለው ሲዞሩ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደረቅ መሬት ላይ ፍንክች ሳይሉ ሲቆሙ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ ልክ ነዳጅ መስጠት፣ የሚሽከረከረው ጎማ በድንገት መሬት ሲነካ፣ አክስል ሊሰብር ይችላል።

መፍትሔው ግራና ቀኙን አንድ ላይ የሚያስረው ዲፍ ሎክ ነው፤ አንድ ብቻ የሚገጠም ከሆነ ከኋላ ይሁን፤ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ የፊቱ ሲቆለፍ ደግሞ መሪው አልታዘዝ ስለሚል። የሚንሸራተተውን ጎማ በፍሬን የሚይዝ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ያለው መኪናም ዋዛ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራውን እንዲሠራ ነዳጁን ሳያወርዱ ለጥቂት ሰከንድ ሳይለዋውጡ መያዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሹፌር ግን ጎማው ሲንሸራተት ደንግጦ እግሩን ያነሣል። የመሐል ዲፈረንሻል የሌለውን መኪና ደግሞ በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ ማስኬድ የፊትና የኋላ ዘንጎችን እርስ በርስ ያጣላል፤ በኩርባ ላይ መሪው ሲከብድና መኪናው ሲንጠራራ የሚሰማውም ይኸው ነው።

«ዋናው የሞተር ጉልበት ነው»

በድንጋይ ላይ የሚያስፈልገው ዝግታ ነው። የመጀመሪያው ማርሽ 4፣ ዝቅተኛው የማርሽ ሳጥን (ለዝግታ ጉዞ የሚገባው ተጨማሪ ማርሽ) 2.5፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ ሞተሩ 41 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በደቂቃ 800 ዙር በሚዞር ሞተርና 777 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማ ይህ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጉዞ ነው። ጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ዝቅተኛውን የማርሽ ሳጥን 4 ለ 1 ያደረገው ለዚህ ነው፤ በተመሳሳይ ስሌት ፍጥነቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። ትልቅ ጎማ ያሰረ ሰውም ቱርቦ ከመመኘት በፊት የዲፈረንሻሉን ጥርስ ብዛት ማስቀየር ይሻለዋል።

«ስኖርክል ካለ ወንዝ አያሳስብም»

ስኖርክል የሚጠብቀው ሞተሩ የሚተነፍስበትን በር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን እስከ አየር ማጣሪያው ያሉት መገጣጠሚያዎች በደንብ ከተደፈኑ ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ ወደ ሞተር ከገባ ቢየላ ያጎብጣል። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ በዝምታ የሚጎዳው ዲፈረንሻሉ ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይሰበሰባል፤ መተንፈሻው አጭር ከሆነ ወይም በጭቃ ከተደፈነ ውሃውን በመተንፈሻውና በዘይት ማገጃዎቹ በኩል ይስባል። የራሴን ዲፈረንሻል ብሎን ከፍቼ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ፣ ወፍሮ ሲወርድ ያየሁት ሁለት ወንዝ ብቻ ከተሻገርኩ በኋላ ነው። መፍትሔው ጥቂት ሜትር የሚሆን የላስቲክ ቱቦ ነበር፦ የዲፈረንሻሎቹንና የካምቢዮውን መተንፈሻዎች ኮፈኑ ሥር እስካለው ከፍታ ድረስ ማራዘም። ስኖርክሉ በአቧራማ መንገድ ከመሬት ከፍ ያለ ንጹሕ አየር ስለሚሰጥ ዋጋ አለው፤ ለጥልቅ ውሃ ግን ፈቃድ አይደለም።

«ዊንች ካለ ሌላ አያስፈልግም»

የዊንች አቅም የሚለካው ገመዱ ከበሮው ላይ በመጀመሪያው ድርብ ሲጠቀለል ነው፤ አራተኛው ድርብ ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የመኪናውን ከነሙሉ ጭነቱ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ የሚስብ ይመረጣል፤ አንድ ፑሊ ሲጨመር ደግሞ የመሳቡ ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል። ከዊንቹ በፊት ግን ከሻንሲው ጋር በወፋፍራም ብሎኖች የታሰረ የመጎተቻ ማያያዣ ከፊትም ከኋላም ያስፈልጋል። ተጎታች ጋሪ የሚታሰርበት ኳስ ለድንገተኛ ጉተታ አልተሠራም፤ ሲሰበር እንደ ጥይት ተወንጭፎ ሰው ገድሏል። በመርከብ ሲጫን የሚታሰርበት ቀጭን ቀለበትም እንዲሁ አያገለግልም።

«ጠንካራ ሞላ ክብደቱን ሁሉ ይችላል»

የብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ የጣራ ላይ መደርደሪያና ሁለተኛ ባትሪ ሲደመሩ ከባዶ መኪና ጋር የማይነጻጸር ክብደት ይመጣል። ጠንካራ ሞላ መኪናውን ቀጥ ያደርገዋል እንጂ አምራቹ የወሰነውን የክብደት ጣሪያ አያነሣም፤ ፍሬኑም፣ ኩሽኔታውም፣ ሻንሲውም የዱሮዎቹ ናቸው። ሳይጫን የሚነዳ ጠንካራ ሞላ ደግሞ አይታጠፍም፤ የማይታጠፍ ሞላ ጎማውን ከመሬት ያነሣል።

«ሁሉን በአንድ ጊዜ ማስገጠም ጊዜ ይቆጥባል»

ሞላው፣ ጎማውና የመሪው ክንድ በአንድ ሳምንት ተለውጠው መኪናው ሲንዘር ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል። አንድ ነገር ተለውጦ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን ለውጡ ራሱን ይገልጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ የገቡ ብሎኖች ስለሚረግቡ በተወሰነላቸው ጥብቀት እንደገና መጥበቅ አለባቸው። እኔ ካጠበቅሁ በኋላ ከዳዶው ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር እስባለሁ፤ ከየጉዞው ስመለስ መኪናው ሥር በባትሪ ብርሃን ገብቼ መስመሩ የተሰበረበትን ዳዶ ብቻ እፈልጋለሁ።