የጅብ ጥላ በአንድ ሌሊት አይፈጠርም፦ ስለ ፈንገሶች የሕይወት ዑደት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክረምት ገብቶ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከዛፎች ሥር የጅብ ጥላ ብቅ ሲል «ዝናቡ ፈጠረው» ይባላል። ዝናቡ ግን ፍሬውን አወጣው እንጂ አልፈጠረውም። የጅብ ጥላ የፈንገስ ፍሬ ሲሆን፣ የፈንገሱ ዋና አካል በአፈርና በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ከዚያ በፊት ሲዘረጋ የቆየ የቀጫጭን ክሮች መረብ ነው። ከተለያዩ ስፖሮች (ዘር መሰል ደቃቅ የመራቢያ ሕዋሶች) የበቀሉና የሚስማሙ ክሮች ሲገናኙ ሕዋሶቻቸው ይዋሃዳሉ፤ የዘር ውርስን የያዙት የሕዋሶቹ እምብርቶች (ኒውክለሶች) ግን ሳይዋሃዱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የሚዋሃዱት ከጃንጥላው ሥር ባሉት ስስ ንጣፎች ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ወዲያው ተከፋፍለው አብዛኛውን ጊዜ አራት ስፖሮች ያስገኛሉ። የበሰለውን ጃንጥላ ቆርጦ ወረቀት ላይ ደፍቶ ያሳደረ ሰው፣ ጠዋት የንጣፎቹን መስመር ተከትሎ የረገፈ ደቃቅ ዱቄት ያገኛል፤ ዱቄቱ እነዚያው ስፖሮች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ መታረም አለበት የምለው፣ ዝግመተ ለውጥ ሁልጊዜ ከቀላል ወደ ውስብስብ ይሄዳል የሚለው አመለካከት ነው። የዳቦ እርሾ ባለ አንድ ሕዋስ ስለሆነ የፈንገሶች ሁሉ አባት ይመስላል፤ ነገር ግን የመጣው ክር ከነበራቸው ቅድመ አያቶች ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ኑሮ በተለያዩ የፈንገስ ዘሮች ውስጥ ደጋግሞ ተከስቷል። በሌሎች ፍጥረታት ሕዋስ ውስጥ የሚኖሩት ማይክሮስፖሪዲያ የተባሉ ደቃቅ ጥገኞችም፣ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ክፍል) ገና ከመፈጠሩ በፊት ከሌሎች የተለዩ ጥንታውያን ተብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን የተመናመነ የማይቶኮንድሪያ ቅሪት ተገኘባቸው፤ ዛሬ ከፈንገሶች ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳላቸው ይታወቃል። ያልነበራቸው ሳይሆን የጣሉት ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው የድንች በሽታ አምጪም ክር ስላለው ብቻ ፈንገስ ይባላል። ዝምድናው ግን ከቡናማ የባሕር አልጌዎች ጋር ነው፤ የሕዋሱ ግድግዳ በዋናነት እንደ ፈንገሶች ከካይቲን (የነፍሳትን ጠንካራ ቅርፊት ከሚሠራው ቁስ) ሳይሆን ሴሉሎስን ከያዙ ቁሶች የተሠራ ነው። ከዑደቱም ልዩነቱ ይታያል፦ ብዙ ፈንገሶች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በነጠላ የክሮሞዞም (የዘር ውርስ ተሸካሚ አካላት) ስብስብ ሲያሳልፉ፣ እሱ ጥንድ ስብስብ ይዞ ይኖራል።

ፈንገስ ሁሉ ስፖሩን በነፋስ ይበትናል ማለትም ስሕተት ነው። ካይትሪድ የተባሉት ፈንገሶች ስፖር ጅራት አለው፤ በውሃ ውስጥ ይዋኛል። ይህ ጅራት የጥንት ፈንገሶች ውርስ ሲሆን፣ ወደ የብስ የወጡት አብዛኞቹ ዘሮች አጥተውታል። ከሐይቅ በተቀዳ ውሃ ላይ የጥድ ብናኝ በትኖ ከጥቂት ቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው፣ ብናኙ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ ካይትሪዶችን ሊያይ ይችላል።